በለስ፣ ቁልቋልና እሬት፦ ድርቅን የሚቋቋሙ ዕፅዋትና የሚሹት ጥንቃቄ

ክረምት ገብቶ የአምናው እህል ከጎተራ ሲሟጠጥ፣ የዘንድሮው ደግሞ ገና ቡቃያ ሳለ፣ በትግራይ ክልል በርካታ አካባቢዎች አንድ ፍሬ ይደርሳል። ሴቶችና ልጆች ማለዳ ተነስተው ይለቅሙታል፤ በሣር አሽተው ጥቃቅን እሾሁን ካራገፉለት በኋላ በቅርጫትና በባልዲ ይዘው ወደ መንገድ ዳርና ወደ ገበያ ያወጡታል። ፍሬው በለስ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ለብዙ አባወራዎች ምግብም ገቢም ሆኖ ያገለግላል።

ይህ ተክል በአካባቢው ያለው ግምት ከፍራፍሬነቱ በላይ ነው። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ለከብት መኖ፣ ለጓሮ አጥር፣ ለተራቆተ ተዳፋት መከላከያ ይሆናል። ይሁንና ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በደቡባዊ የክልሉ ክፍል የበለስ ማሳዎች በአንዲት ጥቃቅን ነፍሳት ተወርረው ከፍተኛ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ነፍሳቷ ወደ አገር ውስጥ የገባችው በልማት ስም መሆኑ ጉዳዩን ከግብርና ሥራ አልፎ የአሠራርና የውሳኔ አሰጣጥ ትምህርት አድርጎታል።

በመሆኑም ስለ በለስና ስለ መሰሎቹ ውሃ አዘል ዕፅዋት ማወቅ ለዕፅዋት ተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የተፈጥሮ ሀብት፣ የግብርና፣ የአካባቢ ጥበቃና የንግድ ሥራ የሚመሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ስማቸው ለምን ይምታታል?

በአማርኛ "ቁልቋል" የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ ዕፅዋት ይሰጣል። የመጀመሪያው በደጋና በወይና ደጋ ገደላ ገደሎች፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በመንገድ ዳር እንደ መቅረዝ ቅርንጫፎቹን ዘርግቶ የሚታየው ትልቁ ዛፍ ነው። ሁለተኛው ጠፍጣፋ፣ እንደ መዳፍ የተቀጣጠለ አካል ያለው ባለፍሬው በለስ ነው። ሁለቱም እሾህ ስላላቸውና ሁለቱም በደረቅ መሬት ስለሚበቅሉ ብዙ ሰው እንደ አንድ ወገን ይቆጥራቸዋል። በሥነ ዕፅዋት ዕይታ ግን የተራራቁ ቤተሰቦች ናቸው።

ትልቁ ቁልቋል በሳይንሳዊ ስሙ ዩፎርቢያ አቢሲኒካ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ይህንን ዛፍ በአገርኛ ስሙ ጠርቶ ገልጾታል። በቀጣዩ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1791 ደግሞ ዛፉ ሳይንሳዊ ስሙን አግኝቷል። አጥር ሆኖ የሚተከለው ቅንጭብም የዚሁ የዩፎርቢያ ወገን ነው።

በለስ ግን የካክተስ ቤተሰብ አባል ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙ ኦፑንሺያ ፊከስ ኢንዲካ ይባላል። የካክተስ ቤተሰብ 1ሺህ 500 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩት የሁሉም መነሻ አሜሪካ አህጉር ነው። ከዚህ ደንብ ወጣ ያለ አንድ ዝርያ ብቻ አለ። እርሱም በሞቃታማ የአፍሪካ ደኖች፣ በማዳጋስካርና በስሪላንካ ጭምር በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድገው ሪፕሳሊስ የተባለው ተክል ነው። ከዚህ በቀር በአፍሪካ ምድር የሚታይ ካክተስ ሁሉ በሰው እጅ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ለመለየት ሁለት ምልክቶችን መመልከት ይበቃል። አንደኛው እሾሁ የሚወጣበት ቦታ ነው። በካክተስ ላይ እሾሁ የሚወጣው እንደ ትንሽ ትራስ ከሆነች፣ አሪዮል ከምትባል ነጥብ ነው፤ ይህች ነጥብ በዩፎርቢያ ላይ አትገኝም። ሁለተኛው ምልክት ፈሳሹ ነው። የቁልቋል ዛፍና ቅንጭብ ሲቆረጡ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ያወጣሉ። በለስ ሲቆረጥ የሚወጣው ግን ቀለም የሌለው ዝልግልግ ነው።

ይህ ልዩነት ለደኅንነት ጭምር አስፈላጊ ነው። የቁልቋልና የቅንጭብ ነጭ ፈሳሽ ቆዳን የሚያቆስል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ከባድ ጉዳት የሚያስከትል ነው። ለመንገድ ጠረጋ ወይም ለአጥር ሥራ ሠራተኞች ሲሰማሩ የዓይን መከላከያና ጓንት እንዲኖራቸው ማድረግ ይገባል። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

"በለስ" የሚለው ስምም የራሱ ታሪክ አለው። በቅዱሳት መጻሕፍት የተጠቀሰው በለስ ከሾላና ከዋርካ ጋር የሚዛመደው ሌላ ዛፍ ነው። የካክተሱ ፍሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ በመሆኑ በጥንቱ ዓለም አይታወቅም ነበር። የሚገርመው ግን በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ያለው "ፊከስ ኢንዲካ" የሚለው ቃልም "የሕንድ በለስ" ማለት መሆኑ ነው። ፍሬውን ከበለስ ጋር ያመሳሰለው የትግራይ ገበሬ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ውሃን የሚቆጥቡበት መንገድ

ውሃ አዘል ዕፅዋት የሚባሉት በግንዳቸው፣ በቅጠላቸው ወይም በሥራቸው ውሃ አጠራቅመው ለደረቅ ጊዜ የሚያቆዩ ናቸው። ይህ ችሎታ በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ካክተስ፣ ዩፎርቢያ፣ እሬት፣ ቃጫና እንዳሁላ የተለያየ የዘር ሐረግ ቢኖራቸውም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸው ተመሳሳይ መፍትሔ ላይ የደረሱ ዕፅዋት ናቸው። ባለሙያዎች ይህንን ከተለያየ መነሻ ወደ ተመሳሳይ ቅርጽ መድረስ ሲሉ ይገልጹታል።

በለስ ላይ ሰዎች "ቅጠል" የሚሉት ጠፍጣፋ አካል በእውነቱ ግንድ ነው። እውነተኛዎቹ ቅጠሎች በለጋው ግንድ ላይ ለጥቂት ጊዜ ታይተው የሚረግፉ ናቸው፤ እሾሁም ከቅጠል የተለወጠ አካል ነው። የቅጠል ስፋት ሲቀንስ በትነት የሚባክነው ውሃ ይቀንሳል። ከላይ የሸፈነው ሰም መሰል ልባስም ፀሐይና ነፋስ ውሃውን እንዳያደርቁት ይከላከላል።

ትልቁ ምስጢር ግን የሚገኘው በአተነፋፈሳቸው ነው። ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ምግቡን ለማዘጋጀት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር ማስገባት አለበት። ለዚህም በአካሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፍታል። ችግሩ ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱ ጋዙ ሲገባ ውሃው ይወጣል። እንደ ስንዴና ገብስ ያሉ ሰብሎች ቀዳዳዎቻቸውን የሚከፍቱት በቀን፣ ሙቀቱ በሚያይልበት ሰዓት ነው።

በለስና አብዛኞቹ ውሃ አዘል ዕፅዋት ግን ይህንን ሥራ ወደ ሌሊት አዛውረውታል። አየሩ ሲቀዘቅዝና እርጥበቱ ሲጨምር ቀዳዳዎቻቸውን ከፍተው ጋዙን ያስገባሉ፤ በማሊክ አሲድ መልክም በሕዋሶቻቸው ውስጥ ያጠራቅሙታል። ሲነጋ ቀዳዳዎቹን ዘግተው በፀሐይ ብርሃን ኃይል ያጠራቀሙትን ወደ ምግብነት ይለውጣሉ። በዚህ ምክንያት የእነዚህ ዕፅዋት አካል ማለዳ ሲቀመስ ከምሽቱ ይልቅ ይጎመዝዛል።

የዚህ አሠራር ውጤት በአኃዝ ሲገለጽ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። አንድ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት እንደ ስንዴ ያሉ ዕፅዋት ከ400 እስከ 500 ግራም ውሃ ያጣሉ። በሌሊት የሚተነፍሱት ግን ከ50 እስከ 100 ግራም ብቻ ነው የሚያጡት። ዝናብ በሚያጥርበት አካባቢ ይህ ልዩነት በሕይወት በመቆየትና በመጥፋት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የበለስ ጥቅም

በለስ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በካቶሊክ ሚስዮናውያን አማካኝነት እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በዓጋመ፣ በኢሮብና በሌሎች የትግራይ አካባቢዎች እንዲሁም በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ተስፋፍቶ እንደ አገር በቀል ተክል እስከመቆጠር ደርሷል። አርሶ አደሩም በጣዕም፣ በቀለም፣ በእሾህ ብዛትና በሚደርስበት ጊዜ እየለየ ለየዓይነቱ ስም አውጥቶለታል።

ፍሬው ስኳርና ቫይታሚን ሲ የያዘ ነው። ነገር ግን ዘሩ ጠንካራ በመሆኑ ያለ ሌላ ምግብ ብቻውን በብዛት ሲበላ የሆድ ድርቀት ያስከትላል። ከተለቀመ በኋላም ያለ ማቀዝቀዣ ብዙ ቀን አይቆይም። ለዚህም ነው በምርት ወቅት ገበያው ሞልቶ ዋጋው ሲወድቅ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ ጨርሶ የሚጠፋው። ፍሬውን ወደ ጭማቂና ማርማላታ መለወጥ የሚያስችሉ ዘዴዎች በሌሎች አገሮች የተለመዱ ናቸው። በሜክሲኮ ደግሞ ለጋው ግንድ እንደ ጎመን ተከትፎ የዕለት ምግብ ይሆናል።

በመኖነት በኩል ያለው ጥቅምም ከፍተኛ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መግለጫ በአንድ ሄክታር ላይ የተተከለ በለስ እስከ 180 ቶን ውሃ በአካሉ ሊይዝ እንደሚችልና ይህም አምስት ላሞችን ለማቆየት እንደሚበቃ ገልጿል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ተክሉ ለመኖ የሚለማው ከግማሽ ሚሊዮን ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በለስ ብቻውን የተሟላ መኖ አይደለም። አብዛኛው አካሉ ውሃ ሲሆን የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ ነው። ያለ ድርቆሽ ወይም ገለባ ሲሰጥ ከብቶችን ያስቀምጣል። እሾሁም በእሳት ተለብልቦ ካልተወገደ የከብቶችን አፍና የምግብ ቧንቧ ይጎዳል። ስለዚህ በድርቅ ጊዜ የመኖ እርዳታ የሚያቅዱ ባለሙያዎች በለስን ከገለባና ፕሮቲን ካለው መኖ ጋር አዳብሎ ማቅረብን በዕቅዳቸው ሊያካትቱ ይገባል።

ቀይ ቀለም የምትሰጠው ነፍሳት

ኮችኒያል የምትባለው ነፍሳት በበለስ ላይ ብቻ የምትኖር ናት። እንስቷ ክንፍ የላትም፤ በተክሉ ላይ ተጣብቃ ፈሳሹን እየመጠጠች ትኖራለች። ሰውነቷን የሚሸፍነው ነጭ ጥጥ መሰል ሰም ከሩቅ ሲታይ በበለሱ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ያስመስለዋል። በጣት ስትጨፈለቅ ግን ደማቅ ቀይ ፈሳሽ ታወጣለች።

ይህ ቀይ ፈሳሽ ካርሚን የተባለውን ቀለም ያስገኛል። የሜክሲኮና የፔሩ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ጨርቅ ሲያቀልሙበት ኖረዋል። ዛሬም "ኢ 120" በሚል መለያ ለምግብ፣ ለመዋቢያና ለመድኃኒት ማቅለሚያ ይውላል። በዓለም ገበያ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘችው ፔሩ ናት። አንድ ኪሎ ግራም የደረቀ ኮችኒያል ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ ነፍሳት መሰብሰብ ስለሚያስፈልግ ሥራው ብዙ የሰው ጉልበት የሚጠይቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ነፍሳቷ ወደ ትግራይ የገባችው ይህንኑ ታሳቢ በማድረግ ነበር። ክልሉ ሰፊ የበለስ ሀብትና ሥራ ፈላጊ ጉልበት ስላለው አርሶ አደሮች ነፍሳቷን እያራቡና እየሰበቡ ለውጭ ገበያ በማቅረብ ገቢ ያገኛሉ የሚል ዕቅድ ተይዞ ነበር። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነበር። በሥራ ላይ ሲውልም በጅምሩ ለበርካታ ሰዎች ገቢ አስገኝቷል።

ችግሩ የመጣው መሰብሰቡ ሲቋረጥ ነው። ኮችኒያል በቁጥጥር ሥር የምትቆየው ያለማቋረጥ ስትለቀም ብቻ ነው። ገበያው ሲዳከምና ለቃሚው ሥራውን ሲተው የሚያግዳት ነገር አልነበረም። በመነሻ አገሯ የሚበሏት ሌሎች ነፍሳት አሉ፤ በአዲሱ ምድር ግን ይህንን ያህል ጠላት አልገጠማትም። የአካባቢው ሞቃት አየርም ተስማማት።

የተፈለፈሉት ጫጩቶች ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ በመሆናቸው በነፋስ፣ በከብት ገላ፣ በሰው ልብስና ለተከላ በሚጓጓዝ ግንድ አማካኝነት በቀላሉ ይዛመታሉ። በዚህ ሁኔታ በራያ አዘቦና በአጎራባች ወረዳዎች ያለው በለስ ተወረረ። ፈሳሹ የተመጠጠ ግንድ መጀመሪያ ይገረጣል፤ ከዚያም ይጨማደድና ይወድቃል። ፍሬ ማፍራቱ ይቆማል። ለዘመናት አጥር፣ መኖና የክረምት ስንቅ ሆኖ የኖረው ተክል ሲደርቅ የተጎዳው በዕቅዱ ያልተሳተፈው፣ ከቀለሙም ሽያጭ ምንም ያላገኘው አባወራ ጭምር ነው።

ከዚህ ሂደት በግልጽ የሚታየው ቁም ነገር አንድ ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ወደ አገር ማስገባት እንደ ማሽን ተከላ አይደለም። ማሽን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ይቆማል፤ ነፍሳት ግን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መራባቷን አታቆምም። በመሆኑም በዕቅዱ ላይ የመውጫ ስልትና ኃላፊነቱን የሚወስድ አካል ከመጀመሪያው ተለይቶ ካልተቀመጠ ጉዳቱን የሚሸከመው አርሶ አደሩ ይሆናል።

ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

የዓለም ታሪክ በዚህ ረገድ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎችን ያቀርባል። የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1788 ወደ አውስትራሊያ የሄዱት የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች ከብራዚል የበለስ ተክልና ኮችኒያል ይዘው ነበር። ዓላማው ለወታደሮች ቀይ የደንብ ልብስ ማቅለሚያ ማምረት ነበር። የቀለሙ ሥራ አልተሳካም፤ በኋላ የገቡ የበለስ ዝርያዎች ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1920ዎቹ ድረስ 24 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ወረሩ። ብዙ ገበሬዎችም እርሻቸውን ጥለው ለመሄድ ተገደዱ።

መፍትሔው የተገኘው ካክቶብላስቲስ ከተባለች የአርጀንቲና የእሳት እራት ነው። ተመራማሪዎች ነፍሳቷ ሌሎች ሰብሎችን እንደማትበላ በሙከራ ካረጋገጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1926 ለቀቋት። ጥቂት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ወረራ ተገታ። ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ በሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስኬት ተደርጎ ይጠቀሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ የማዳጋስካር ነው። በደሴቲቱ ደቡባዊ ክፍል አንድሮይ በተባለው ደረቅ አካባቢ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች በለስን ለራሳቸውም ለከብቶቻቸውም ምግብና ውሃ አድርገው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ ኮችኒያል ወደ ደሴቲቱ ገብታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተክሉን አጠፋችው። ከብቶች አለቁ፤ ረኃብ ተከተለ፤ ብዙ ሰው ቀየውን ለቅቆ ተሰደደ።

ሁለቱ ምሳሌዎች አንድ ላይ ሲታዩ በለስ በራሱ ጠላትም ወዳጅም አለመሆኑን ያሳያሉ። በአንዱ አገር ማሳ የቀማ አረም ሲሆን በሌላው አገር የሕዝብ መተዳደሪያ ነው። ተክሉን ለማጥፋትም ሆነ ለማስፋፋት ከመወሰን በፊት የአካባቢው ሕዝብ በምን መልኩ እንደሚጠቀምበት ማጥናት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጎረቤት ኬንያ ላይኪፒያ አካባቢ ኦፑንሺያ ስትሪክታ የተባለው እሾሃም ዝርያ የግጦሽ መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን አስቸግሯል። ይህ ዝርያ በትግራይ ከሚለማው በለስ የተለየ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ መመሪያ ማስተዳደር ስህተት ላይ ይጥላል።

በቅርብ ጊዜም ተመሳሳይ ፈተና በሜዲትራኒያን አካባቢ ታይቷል። ሌላዋ የኮችኒያል ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2014 በሞሮኮ ከተገኘች በኋላ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር በለስ አውድማለች። የሞሮኮ የግብርና ምርምር ተቋም ነፍሳቷን የሚቋቋሙ የበለስ ዓይነቶችን ለይቶ በማባዛት ተክሉን እንደገና ለመመለስ ሠርቷል። በእስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2013 ከታየች በኋላ ነፍሳቷን የሚበሉ ጠላቶቿን ከሜክሲኮ አምጥቶ መልቀቅ እንደ መፍትሔ ተወስዷል። በብራዚልም ተቋቋሚ ዝርያዎችን መትከል ዋነኛው መፍትሔ ሆኗል። ነገር ግን አንዷን የኮችኒያል ዝርያ የሚቋቋም በለስ ሌላዋንም ይቋቋማል ማለት ስላልሆነ ውጤቱን እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ በአገር ውስጥ መሞከር ያስፈልጋል።

አገር በቀሎቹን ማወቅ

ስለ ውሃ አዘል ዕፅዋት ሲነሳ ትኩረቱ ሁሉ በበለስ ላይ ማረፍ የለበትም። ኢትዮጵያ በእሬት ዝርያዎች ከበለጸጉ አገሮች አንዷ ናት። በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና በኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው፣ በ2010ም ተሻሽሎ የወጣው መጽሐፍ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እሬቶች በዝርዝር መዝግቧል። በሁለቱ አገሮች የሚገኙት ዝርያዎች ከ40 በላይ ሲሆኑ ብዙዎቹ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው። በሐረር አካባቢ የሚገኘው አሎ ሀርላና እና በቦረና የሚገኘው አሎ ያቬላና ለዚህ ተጠቃሾች ናቸው።

እሬት ከካክተስ በቀላሉ ይለያል። ውሃውን የሚያጠራቅመው በግንዱ ሳይሆን በወፍራም ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጡ ሥር ብጫማ መራራ ፈሳሽ፣ ከመሐሉ ደግሞ ጥርት ያለ ዝልግልግ ይወጣል። "እንደ እሬት የመረረ" የሚባለው በብጫው ፈሳሽ ምክንያት ነው። ለመዋቢያ ምርት የሚፈለገው ግን ዝልግልጉ ነው። እንዳሁላም በባህል መድኃኒትነት የሚታወቅ ውሃ አዘል ተክል ሲሆን በሌሊት የመተንፈስ ዘዴ ሳይንሳዊ ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ተክል ቤተሰብ ነው።

እነዚህ ዕፅዋት በዓለም ገበያ ፈላጊ አላቸው። ለጌጥ የሚሰበስቧቸው ሰዎች ቁጥር እየጨመረ በመሄዱ ከተፈጥሮ ቦታቸው እየተነቀሉ የሚሸጡ ዝርያዎች ለአደጋ ተጋልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት ከካክተስ ዝርያዎች 31 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አመልክቷል። ለአደጋ በተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ ከጥቂቶች በቀር የካክተስ ዝርያዎችን፣ ውሃ አዘል ዩፎርቢያዎችንና አሎ ቬራ ከሚባለው በቀር ሁሉንም እሬቶች በፈቃድ ብቻ እንዲንቀሳቀሱ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት።

ከዚህም ሌላ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለማግኘት ፈቃድ እንደሚያስፈልግና ማኅበረሰቡም ከሚገኘው ጥቅም ተካፋይ እንደሚሆን ደንግጓል። አንድ ሰው የእሬት ችግኝ በሻንጣ ይዞ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በድንበር ኬላ ሲያልፍ ጉዳዩ የአበባ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባም።

ከአስፈጻሚ አካላት የሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች በመነሳት በየደረጃው ያሉ አስፈጻሚ አካላት ሊተገብሯቸው የሚችሉ ሥራዎችን መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ልየታ ነው። በወረዳው ውስጥ ያለው ተክል የትኛው ቁልቋል፣ የትኛው በለስ፣ የትኛው እሬት እንደሆነ በልማት ጣቢያ ሠራተኞች ተለይቶ መመዝገብ አለበት። በስም ስህተት የተጀመረ ሥራ በማሳ ላይ ስህተት ሆኖ ይጠናቀቃል።

ሁለተኛው የግንድ ዝውውርን መቆጣጠር ነው። በለስ የሚተከለው ግንዱን ቆርጦ በማጓጓዝ በመሆኑ ኮችኒያልን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛምተው ዋነኛው መንገድም ይኸው ነው። ለተፋሰስ ልማት ወይም ለአጥር ተብሎ ከተወረረ ወረዳ ወደ ነጻ ወረዳ ግንድ መውሰድ ጥቅም ከሚያስገኘው ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ይበልጣል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ መነሻ ሐሳብም ተባይ ከተክል ጋር እንዳይጓዝ መከላከል ነው።

ሦስተኛው ቅኝት ነው። በበለሱ ላይ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ሲታይ ጨፍልቆ ማየት፣ ቀይ ከሆነም ሳይውሉ ሳያድሩ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። ወረራው በጅምር ላይ ሳለ የተጠቁትን ግንዶች ቆርጦ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ የቀሩትንም በሳሙና ውሃ በኃይል ማጠብ ይረዳል። ወረራው ከሰፋ በኋላ ግን እነዚህ ዘዴዎች ብቻቸውን አይበቁም። ለዚህ ሥራ የቀበሌ አመራርና የትምህርት ቤት ተማሪዎች ሊተባበሩ ይችላሉ።

አራተኛውና ከሁሉም የሚቀድመው የውሳኔ አሰጣጥ ነው። አዲስ ተክል፣ ነፍሳት ወይም እንስሳ ወደ አንድ አካባቢ እንዲገባ ሐሳብ ሲቀርብ በሰነዱ ላይ ሦስት ጥያቄዎች መመለሳቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ገበያው ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ከተከለለው ቦታ ቢያመልጥ ማን ይከላከላል? ጉዳት ቢደርስ ማን ይክሳል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰነድ ትርፉ ምንም ያህል ቢያጓጓ ለፊርማ አልበሰለም።

በለስ ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ በሰሜን ኢትዮጵያ ምድር ከአንድ ተኩል ምዕተ ዓመት በላይ ሕዝብ መግቧል። ኮችኒያልም ከዚያው አህጉር መጥታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያንን ሲሳይ አደጋ ላይ ጥላለች። ሁለቱንም ያመጣቸው ሰው ነው። ልዩነቱ አርሶ አደሩ ተክሉን ትውልድ በትውልድ እያየ፣ እየለየና እየጠበቀ ያላመደው ሲሆን ነፍሳቷ ግን ጠባቂ ሳይመደብላት መለቀቋ ነው። በክረምቱ መግቢያ ቅርጫቷን ይዛ ወደ መንገድ ዳር የምትወጣዋ እናት የምትለቅመው እንዳታጣ፣ የማሳው ጥበቃ ከማሳው በፊት በቢሮ ሰነድ ላይ መጀመር ይኖርበታል።